የደቡብ ናሃኒን ወንዝ ካርታ በ1፡50,000 ስኬል ራስን ችሎ መሥራት

ደቡብ ናሃኒ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ውስጥ ማኬንዚ ተራሮችን ሰንጥቆ ወርዶ ሊያርድ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዩኔስኮ በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ናሃኒ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በአንድ ዝርዝር ገብቷል። ተጓዡ በአብዛኛው ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ይገባና በታንኳ ይወርዳል። በመሃል የስልክ ሲግናል የለም፤ ስለዚህ እጅ ላይ ያለው ካርታ ከተሳሳተ የሚያርም ሰው አይገኝም።

የካናዳ መንግሥት የ1፡50,000 እና የ1፡250,000 ካርታዎች አሉት፤ ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳሉ። ታዲያ ለምን አዲስ እንሠራለን? የብዙዎቹ ቅጠሎች (የካርታ ገጾች) መነሻ የአሥርተ ዓመታት ዕድሜ ያለው የአየር ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ደሴቶቹን አፍርሶ ሌላ ቦታ ሠርቷል። የቅጠሉ ጠርዝም ብዙ ጊዜ ወንዙን በማይመች ቦታ ይቆርጠዋል። የድሮውን ቅጠል ግን አትጣሉት፤ ለስሞችና ለማመሳከሪያ ያስፈልጋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌርና በነፃ መረጃ ብቻ የሚሠራ ነው። ሶፍትዌሩን ለለመደ ሰው ከ4 እስከ 6 የሥራ ቀን ይወስዳል። የዚህን ጊዜ ግማሽ ለውሃው መስመር መድቡ። ብዙ ሰው ጊዜውን በተራራው ጥላ ማሳመር ያጠፋውና ወንዙን በመጨረሻው ሰዓት ይስለዋል፤ በታንኳ ለሚሄድ ሰው ግን ጥቅሙ የተገላቢጦሽ ነው።

1. ስፋቱን ቁረጡ

ለመጀመሪያ ሥራ ከቨርጂኒያ ፏፏቴ እስከ ናሃኒ ቡት መንደር ያለው ይበቃል። ፏፏቴው በሰሜን ኬክሮስ 61°36′ እና በምዕራብ ኬንትሮስ 125°44′ አካባቢ ነው፤ መንደሩ በ61°02′ እና በ123°23′ አካባቢ። በወንዙ በኩል ሲለካ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል።

ከወንዙ ግራና ቀኝ 6 ኪሎ ሜትር ውሰዱ። ከዚያ ወዲያ ያለው በ1፡50,000 መታየቱ ወረቀት ከማባከን በቀር አይጠቅምም፤ ለአጠቃላይ እይታ አንድ ገጽ የ1፡250,000 ካርታ ጨምሩ። በኤ3 ወረቀት ላይ ጠርዙ ሲቀነስ 40 በ27.5 ሴንቲ ሜትር የሚታተም ቦታ ይቀራል፤ ይህም መሬት ላይ 20 በ13.75 ኪሎ ሜትር ነው። ወንዙ ስለሚጠማዘዝና ገጾቹ በ2 ኪሎ ሜትር መደራረብ ስላለባቸው ስንት ገጽ እንደሚወጣ በሒሳብ ብቻ አትገምቱ፤ አራት ማዕዘኖቹን ስክሪን ላይ ደርድራችሁ ቁጠሩ።

2. ዞኑን አንድ አድርጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሰው እጁ የለመደው አዲንዳንን ዳተምና ዩቲኤም ዞን 37ን ነው፤ ዳተም የቦታ ልኬት መነሻ ነው፣ ዩቲኤም ደግሞ ምድርን በዞን ከፋፍሎ በሜትር የሚለካ ፍርግርግ። እዚህ ዳተሙ ናድ 83፣ ዞኑ ደግሞ 10 ነው፤ ፕሮጀክቱን በኢፒኤስጂ (የካርታ ሥርዓቶች መለያ ቁጥር) 26910 ክፈቱ። ናድ 83 እና ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም መካከል ያለው ልዩነት ሜትርና ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ስኬል አይታይም። የድሮዎቹ ቅጠሎች የተሠሩበት ናድ 27 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳይለወጥ ከተደረበ ነጥቦች ከ100 ሜትር በላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። በቅጠሉ ግርጌ ዳተሙ ተጽፏል፤ ሳታነቡ አትጫኑት።

ችግሩ የሚመጣው ከፏፏቴው በላይ ካለው ከራቢትኬትል ሐይቅ ለመጀመር ስታስቡ ነው። ሐይቁ ከ127° ምዕራብ አልፎ ይገኛል፤ የዞን 9 እና የዞን 10 ድንበር ደግሞ 126° ላይ ነው። ካርታውን ለሁለት አትክፈሉት። ዞን 10ን ወደ ምዕራብ ለጥጡት። ሐይቁ ጋ ስትደርሱ የርዝመት መዛባቱ በኪሎ ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከእርሳስ ጫፍ ያንሳል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው። የእጅ ጂፒኤስ 126°ን ሲያልፍ ሳይጠይቅ ወደ ዞን 9 ይዞራል። ድንበሩ ላይ፣ በ61°42′ ኬክሮስ፣ ያው አንድ ቦታ በዞን 10 ወደ 341,400 ሜትር ምሥራቅ ሲነበብ በዞን 9 ወደ 658,600 ሜትር ይነበባል። ወረቀታችሁና መሣሪያችሁ በአንድ ጊዜ አይስማሙም፤ ደክሞትና በርዶት ለሚያነብ ሰው ይህ ክፉ ነው። ስለዚህ ከዩቲኤሙ ፍርግርግ በተጨማሪ በየ5 ደቂቃው የኬክሮስና የኬንትሮስ ምልክት በገጹ ጠርዝ አስገቡ። ለአውሮፕላን አብራሪና ለአደጋ ጊዜ ጥሪም የሚነገረው በዲግሪና በደቂቃ ነው።

የፍርግርጉ ሰሜንና እውነተኛው ሰሜንም አይገጥሙም። መንደሩ ጋ ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው፤ ፏፏቴው ጋ 2.4°፣ ራቢትኬትል ጋ 3.7° ይደርሳል። ከዞኑ መካከለኛ ኬንትሮስ በስተምዕራብ ስለሆንን እውነተኛው ሰሜን ከፍርግርጉ ሰሜን በስተቀኝ ይወድቃል። የኮምፓሱ ማግኔታዊ መዛባትም ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ሁለቱ ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም። አገር ቤት መዛባቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እዚህ ግን ትልቅ ነው። በድሮ ቅጠሎች ላይ የታተመው ቁጥር ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ስለተለወጠ አትገልብጡት። ካናዳ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ካስቀመጠው ማስያ የዓመቱን ቁጥር አውጡና ከነዓመቱ በየገጹ ጻፉ።

3. ከፍታውን አምጡ

ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው የተለመደው የከፍታ መረጃ፣ ኤስአርቲኤም፣ እዚህ የለም። ያ መንኮራኩር በየካቲት 2000 ምድርን ሲለካ ከ60° ሰሜን አላለፈም፤ ናሃኒ ከመስመሩ ወዲያ ቀርቷል። «መረጃው አልወርድም አለኝ» ብላችሁ ኔትወርኩን አትውቀሱ።

ዋናው ምንጭ አርክቲክዴም ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዋልታ ማዕከል ከሳተላይት ጥንድ ምስሎች ያዘጋጀው ሲሆን ከ60° በላይ ያለውን ይሸፍናል። የ2 ሜትርም የ10 ሜትርም ጥራት አለው፤ ለ1፡50,000 የ10 ሜትሩን ውሰዱ። የ2 ሜትሩ እያንዳንዱን የጥድ ጫፍ ስለሚያሳይ ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) እንደ ተበጠበጠ ክር ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩንም ያንቃል። ለቀዳዳዎች መሙያ የኮፐርኒከስን የ30 ሜትር ሞዴል አውርዱ።

ሁለቱን ከመደረብ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ።

አንደኛ፣ አርክቲክዴም የሚመጣው መካከለኛ መስመሩ 45° ምዕራብ በሆነ የዋልታ ፕሮጀክሽን ነው፤ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 3413 ነው። ናሃኒ ከዚያ መስመር 80 ዲግሪ ያህል ስለሚርቅ በዚያ ፕሮጀክሽን ላይ ሰሜን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ያያል፤ ርቀቱም በ3 ከመቶ ገደማ ረዝሞ ይለካል። በዚህ ሁኔታ የተራራ ጥላ ካሰላችሁ ብርሃኑ ከተሳሳተ አቅጣጫ ይመጣና ሸለቆው ሸንተረር፣ ሸንተረሩ ሸለቆ መስሎ ይታያል። መጀመሪያ በዋርፕ (ፕሮጀክሽን መለወጫ) መሣሪያ ወደ 26910 ለውጡ፤ የናሙና ዘዴው ቢሊኒየር ወይም ኪዩቢክ ይሁን። በነባሪው «የቅርብ ጎረቤት» ዘዴ ከተዋችሁት ኮንቱሩ ላይ የደረጃ ቅርጽ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የአርክቲክዴም ከፍታ የሚለካው ከኤሊፕሶይድ (ለስላሳ ከሆነው የምድር ሒሳባዊ ቅርጽ) ነው፤ የኮፐርኒከስ ግን ኢጂኤም 2008 ከተባለው ጂኦይድ (የባሕር ጠለልን ከሚወክለው ገጽ)። ሳታስተካክሉ ካጣበቃችኋቸው በተሞላው ቀዳዳ ዙሪያ እርከን ይፈጠራል፤ ኮንቱሮቹም እዚያ ተሰብስበው የሌለ ገደል ይስላሉ። የጂኦይዱን ራስተር (በፒክስል የተከፋፈለ መረጃ) አውርዳችሁ በራስተር ካልኩሌተር ከአርክቲክዴሙ ቀንሱ። ከካናዳ ቅጠሎች ጋር በትክክል እንዲገጥም የሚፈልግ ሰው የአገሪቱን የከፍታ መነሻ ሲጂቪዲ 2013 ይጠቀም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከቀዳዳው ውጭ ባለ ሜዳማ ቦታ 20 ነጥብ ያዙና የሁለቱን ሞዴል ልዩነት ተመልከቱ። በዜሮ ዙሪያ መዋለል አለበት፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ካጋደለ ቅነሳው አልሠራም ወይም በተቃራኒ ምልክት ተሠርቷል።

ሁለቱም ሞዴሎች የሚለኩት የዛፉን አናት እንጂ መሬቱን አይደለም። በሸለቆው ወለል ጥዱ ረጅም በሆነበት ቦታ ከፍታው ያን ያህል ይዋሻል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ያለውን ዝቅተኛ መደብ በ5 ሜትር ኮንቱር ለማሳየት አትሞክሩ፤ መስመሩ የጫካውን ጠርዝ እንጂ የመሬቱን ቅርጽ አይከተልም።

4. ኮንቱር፣ ገደልና ጉድጓድ

ኮንቱር ከማውጣታችሁ በፊት ሞዴሉን በጋውሲያን ማጣሪያ በ3 ፒክስል ራዲየስ አለስልሱት። ክፍተቱ 20 ሜትር፣ ወፍራሙ መስመር በየ100 ሜትሩ። ውፍረቱ ለተራው 0.12 ሚሊ ሜትር፣ ለዋናው 0.25 ሚሊ ሜትር፤ ቀለሙ ቡናማ።

20 ሜትር በካንየኖቹ ውስጥ አይሠራም፤ ሒሳቡን እዩት። በ45° ተዳፋት ላይ በመስመሮቹ መካከል ወረቀቱ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር አለ፤ ይነበባል። በ70° ግን 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚቀር ሁሉም ተጣብቆ ቡናማ ቅባት ይሆናል። አንደኛው ካንየን ጋ ግድግዳው ከወንዙ በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ቅባቱ ገጹን ሙሉ ይወርሰዋል። ተዳፋቱ ከ55° በላይ የሆነውን ቦታ ለይታችሁ ፖሊጎን (ዝግ ቅርጽ) አድርጉ፤ በዚያ ውስጥ ተራዎቹን መስመሮች አጥፉና ባለ 100 ሜትሩን ብቻ ተዉ። ጠርዙ ላይ የገደል ምልክት ስሉ፤ ጥርሱ ወደ ታች ይመልከት።

ርዝመታቸው ከ150 ሜትር በታች የሆኑ ዝግ ኮንቱሮች አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ወይም ስህተት ናቸው፤ በጅምላ ይሰረዙ። ከአንደኛው ካንየን በስተሰሜን ባለው የኖራ ድንጋይ አገር ግን እጃችሁን ሰብስቡ። እዚያ ውሃው ድንጋዩን አሟሙቶ የሠራቸው እውነተኛ ጉድጓዶችና ዙሪያቸውን የተዘጉ ሸለቆዎች አሉ፤ ፓርኩ በ2009 ሲሰፋ ከተካተቱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በሃይድሮሎጂ መመሪያዎች የምታገኙት «ጉድጓዶችን ሙላ» የሚለው መሣሪያ እነዚህን ሁሉ ደፍኖ ሜዳ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ በሌለ ቦታ ጅረት ይስላል። ያን መሣሪያ ለጅረት ማውጫ ከተጠቀማችሁበት በቅጂ ላይ ይሁን፤ ኮንቱሩ ከዋናው ይውጣ። ዝግ ጉድጓዱን ወደ ውስጥ በሚያዩ አጫጭር ጭረቶች አመልክቱ፤ አለበለዚያ አንባቢ ኮረብታ ነው ብሎ ይወጣዋል።

5. ውሃው

የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በ10 ሜትር ጥራት በነፃ ይገኛል። የምትመርጡት ቀን ከምትሠሩት ሥራ ሁሉ ይበልጣል። በግንቦት በረዶው እየተሰበረ ነው፤ በሰኔ የበረዶ ቅላጭ ወንዙን ሞልቶ የጠጠር ደሴቶቹን ይሸፍናል። ወደ መስከረም መጨረሻ ስትሄዱ ውሃው ይወርዳል፤ ጥላው ግን ይረዝማል። በመስከረም 22 ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 28.5° ብቻ ስለምትወጣ ቀጥ ያለ የ1,000 ሜትር ግድግዳ 1,840 ሜትር ጥላ ይጥላል። በሰኔ 21 ፀሐይ 52° ስለምትደርስ ጥላው 780 ሜትር ነው። ሳተላይቱ የሚያልፈው ከቀትር በፊት ስለሆነ ትክክለኛው ጥላ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለውን ምረጡ። ከቨርጂኒያ ፏፏቴ በላይ የካናዳ የውሃ ጥናት ጣቢያ አለ፤ የምስሉን ቀን የፍሰት መጠን ከመዝገቡ አውጡና የዚያ ወር ተራ ቀን መሆኑን አረጋግጡ። ከዝናብ ማግስት የተነሣ ምስል ወንዙን ያወፍረዋል።

ውሃውን ለመለየት የአረንጓዴው ባንድ 3 እና የኢንፍራሬዱ ባንድ 8 ይበቃሉ፤ ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍሉ። ከ0 በላይ የሆነው በአብዛኛው ውሃ ነው። ናሃኒ ደለል ስለሚሸከም ወሰኑን ከ0 ወደ −0.05 ዝቅ ማድረግ የሚያስፈልግበት ቦታ ይኖራል፤ ወሰኑን እያንቀሳቀሳችሁ ከምስሉ ጋር አስተያዩት።

የካንየኑ ጥላ በዚህ ስሌት ውሃ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው ከፍታው ነው፤ ውሃ በ15° ተዳፋት ላይ አይተኛም። ተዳፋቱ ከዚያ በላይ የሆነውን «ውሃ» ሁሉ አጥፉ፤ ከ4 ፒክስል በታች የሆኑ ቁርጥራጮችንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ፖሊጎን ለውጡና በ1፡10,000 እያያችሁ ከላይ እስከ ታች በእጅ አርሙት። አሰልቺ ነው፤ ግን የሚዘለል አይደለም።

ከአንደኛው ካንየን በታች ወንዙ ሜዳ ላይ ተበታትኖ በብዙ ክንድ ይሄዳል፤ ተጓዦች «ስፕሊትስ» ይሉታል። እዚያ የምትስሉት መስመር የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ክንድ ሊደርቅ ይችላል። ክንዶቹን በቀጭኑ ስሉ፣ «ዋና መንገድ» የሚል ቀስት አታድርጉ፣ የምስሉን ቀን በገጹ ላይ በጉልህ ጻፉ።

6. ኪሎ ሜትርና የቁልቁለት መጠን

በፖሊጎኑ መሃል ለመሃል አንድ መስመር ስሉና በየ1 ኪሎ ሜትሩ ነጥብ አኑሩ፤ ቁጥሩ ከመነሻው ወደ ታች ይደግ። ለእያንዳንዱ ነጥብ 50 ሜትር ዙሪያ ክበብ ሥሩ፣ በውሃው ፖሊጎን ቁረጡት፣ ከዚያ በዞናል ስታቲስቲክስ መሣሪያ የከፍታውን ሚዲያን (በቅደም ተከተል መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር) አውጡ። ዝቅተኛውን ቁጥር አትውሰዱ። የጥንድ ምስል ስሌት ተንቀሳቃሽ ውሃ ላይ ስለሚሳሳት አንድ የተበላሸ ፒክስል ወንዙን 15 ሜትር ሊቀብረው ይችላል።

ከሁለት ተከታታይ ነጥቦች ቁልቁለት አታስሉ። እያንዳንዱ ከፍታ በ2 ሜትር ቢሳሳት የአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት ስህተቱ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያ ከወንዙ ከራሱ ቁልቁለት ሊበልጥ ይችላል። በ5 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ወደ 0.6 ሜትር በኪሎ ሜትር ይወርዳል። 12 ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ከወረደ «2.4 ሜ/ኪ.ሜ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለት ፈተና አድርጉ። እያንዳንዱ ኮንቱር ወንዙን አንድ ጊዜ ብቻ መሻገር አለበት፣ ሹሉም ወደ ላይኛው ውሃ ያመልክት። ሁለተኛው ፏፏቴው ራሱ ነው። ከ90 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የጢስ ዓባይን እጥፍ ይበልጣል። በየነጥቡ ባወጣችሁት የከፍታ ቅደም ተከተል ላይ ይህ ዝላይ ካልታየ ማለስለሻው በዝቷል ወይም የመሃል መስመሩ ከቦታው ወጥቷል።

7. ስምና አደጋ

ካንየኖቹ የተቆጠሩት ከታች ወደ ላይ ነው፤ የጥንቶቹ አሳሾች ሽቅብ ነበር የሚወጡት። ስለዚህ ከፏፏቴው የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አራተኛውን፣ መጨረሻ አንደኛውን ነው። «ስህተት ነው» ብላችሁ አትገልብጡት። ቨርጂኒያ የሚለውን የፏፏቴውን ስም አሳሹ ፌንሊ ሃንተር በ1928 ለልጁ መታሰቢያ ሰጠው፤ የአካባቢው ነባር የደህቾ ዴኔ ሕዝብ ግን ናይሊቾ ይለዋል። ሁለቱንም ጻፉ።

ግራና ቀኝ ሁልጊዜ ፊትን ወደ ታችኛው ውሃ አዙሮ የሚነገር መሆኑን በመግለጫው አስፍሩ። ከፏፏቴው በላይ ታንኳ ከውሃ የሚወጣበትን የመጨረሻ ቦታ ከፓርኩ የዓመቱ መረጃ ወስዳችሁ በቀይ አኑሩ፤ ከሳተላይት ምስል ብቻ አትገምቱት። ከፏፏቴው አናት ላይ ስሉስ ቦክስ የሚባለው የተናወጠ ውሃ ስላለ ያመለጠ ሰው መመለሻ የለውም። ይህ ምልክት በገጽ ጠርዝ ላይ ከወደቀ የገጹን አራት ማዕዘን አንቀሳቅሱ።

8. ገጽ፣ ህትመትና ማጣሪያ

ገጾቹን በተከታታይ በሚያወጣው በኪውጂአይኤስ አትላስ እያንዳንዱን ገጽ በወንዙ አቅጣጫ ማዞር ይቻላል፤ ለአራት ማዕዘኖቹ የማዕዘን ዓምድ ጨምሩና የካርታውን ሽክርክሪት ከዚያ ያንብብ። ገጽ ይቀንሳል። ግን የዞረ ገጽ ላይ ኮምፓስ መጠቀም ያስቸግራል፤ እኛ ሰሜኑ ወደ ላይ የሆነውን እንመርጣለን፣ ሁለት ሦስት ገጽ ቢጨምርም። ለአማርኛ ስሞች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሠራል፤ ከ7 ነጥብ በታች አትውረዱ፣ «ሰ» እና «ስ» አይለዩም።

ውሃ በማይበላው ሰው ሠራሽ ወረቀት በሌዘር አትሙ፤ ወረቀቱ የፕሪንተሩን ሙቀት የሚችል መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ። የኢንክጄት ቀለም የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትነካው ይሮጣል። በህትመት መስኮቱ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን አጥፉ፤ ካልጠፋ ካርታው ጥቂት ከመቶ ያንሳል። ከ10 ኪሎ ሜትሩ የስኬል መስመር ላይ ማስመሪያ አኑሩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ የወጣውን ገጽ ጣሉት።

ድሮን ይዞ ሄዶ ክፍተት መሙላት የሚያስብ ሰው በካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ እንደማይበርር ይወቅ። በእጅ ጂፒኤስ መስክ ላይ ስትፈትሹ አግድሙ በሰፊ ሰማይ ሥር ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል፤ ከፍታው ከዚያ ይብሳል። ካንየን ውስጥ ግድግዳው ሳተላይቶቹን ስለሚሸፍንና ምልክቱ ከድንጋዩ ስለሚነጥር ነጥቡ ተቃራኒው ዳር ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ እዚያ የተያዘ ነጥብ ካርታውን ለማረም አይጠቅምም። ለማረሚያ የሚሆኑት የገባር ወንዞች አፎች ናቸው፦ ፍላት፣ ፕሬይሪ ክሪክ። ሰማዩ በሚከፈትበት ቦታ ለ10 ደቂቃ አማካይ ያዙና ከካርታው ጋር ያለውን ርቀት ለኩ። ከ25 ሜትር፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነና ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወደ ክፍል 2 ተመለሱና ዳተሙን ፈልጉ። በየአቅጣጫው ከተበተነ ግን ወንዙ ነው የተንቀሳቀሰው።

ሁለት ቅጂ ለየብቻ በሆኑ ውሃ በማያስገቡ ከረጢቶች በተለያዩ ታንኳዎች ይጫኑ። ሦስተኛው ከመሄዳችሁ በፊት የመግቢያና የመውጫ ቀናችሁ ተጽፎበት አብራሪው ጋ ይቅር።